«ቦቡር»፦ ከጋን ክዳንነት ወደ ማተሚያ ጣውላነት የተመለሰ የእንጨት ቅርጽ

ጉዳዩ የሚጀምረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ ከቁም ሳጥን አናት በወረደ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ሳጥኑ ውስጥ በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀለለ፣ አንዲት ሰዓሊ በተማሪነት ዘመኗ ያተመችው የእንጨት ቅርጽ ህትመት ተገኘ፤ ጣውላ ተቀርጾ፣ ሳይቆረጥ የቀረው ፊቱ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ የሚታተም ስዕል ማለት ነው። መጠኑ 30 በ42 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ቀለሙ ጥቁር ብቻ። የባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ አንድ ጋሪ፣ ሁለት ዛፍ፣ ከኋላ የተደረደሩ ፉርጎዎች፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ አንድ ቃል ይታያል። ከስሩ በእርሳስ 4/12 የሚል ቁጥርና ፊርማ አለ፤ ከ12 ቅጂ አራተኛው ማለት ነው። የሰዓሊዋን ስም እዚህ አናነሳም። ስራው ግን አሮጌ ህትመት እጁ ለገባ ሁሉ የሚጠቅም ዝርዝር ስላለው የተበላሸውንም የተሳካውንም እንዳለ እናስቀምጣለን።

ህትመቱ የተረሳው በአጋጣሚ አልነበረም። ግድግዳው ላይ መጻፍ የነበረበት ቃል «ባቡር» ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚነበበው «ቦቡር» ነው። ሰዓሊዋ አፍራበት ደብቃው ነበር።

ስህተቱ ከአማርኛ ፊደል ጠባይ የመጣ ስለሆነ ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። ጣውላ ላይ የተቀረጸ ነገር ሁሉ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ስለዚህ ቀራጩ ቃሉን ከቀኝ ወደ ግራ መደርደር፣ እያንዳንዱንም ፊደል በመስታወት እንደሚታይ አድርጎ መቅረጽ አለበት። «ቡ» ወገቧ ላይ ያለችው ጭረት ወደ ግራ ትዞራለች፤ «ር»ም ስትገለበጥ ወዲያው ታስታውቃለች፤ ሁለቱን ማንም አይስታቸውም። ተንኮሉ ያለው «ባ» ላይ ነው። «በ» ሁለት እግሯ እኩል ስለሆነ ብትገለበጥም «በ» ናት፤ ዓይንም ዘመዶቿን ሁሉ እንደሷ ይቆጥራቸዋል። «ባ» ግን ቀኝ እግሯ ይረዝማል፤ ሲገለበጥ ረጅሙ ግራው ይሆንና «ቦ» ሆና ትወጣለች። ተማሪዋ ሁለቱን ፊደሎች ገልብጣ ሶስተኛዋን እንዳለች ተወቻት። «ሳ» እና «ሶ»፣ «ሻ» እና «ሾ»ም እንዲሁ ያሳስታሉ። መፍትሄው ቃሉን በስስ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ወረቀቱን በጀርባው ገልብጦ ጣውላው ላይ በካርቦን ማንሳት ነው። በጭንቅላት ለመገልበጥ መሞከር የዚህ ዓይነቱን ውጤት ያመጣል።

ድሬዳዋ ለተገላቢጦሽ ፊደል እንግዳ አይደለችም። የባትማን የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1929 የታተመው እዚሁ፣ በቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት ነው። ልዩነቱ በማተሚያ ቤት ከእርሳስ ብረት የተሰሩ ፊደሎችን የሚደረድር ለቃሚ ፊደሉ ተገልብጦ ተቀልጦ ስለሚመጣለት ተራውን ብቻ ይጠብቃል፤ እንጨት ቀራጭ ግን ተራውንም ቅርጹንም ራሱ መገልበጥ አለበት። ቀረጻው በአገራችን ትምህርት ቤት የጠነከረው ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ካስተማረ ወዲህ ነው፤ እንደ ዘሪሁን የትምጌታ ያሉ ሰዓሊዎችም በእንጨት ቅርጽ ታውቀዋል። የኛዋ ሰዓሊ የተማረችውም በዚሁ መስመር ነው።

ፎቶ ኮፒ ነው ወይስ ህትመት?

ፊርማ ስላለ ብቻ ወረቀት ህትመት አይሆንም፤ ፎቶ ኮፒ ላይም ይፈረማል። አራት ነገር ታየ። መጀመሪያ ወረቀቱ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ በአንድ ጎን በኩል ብቻ በባትሪ ተበራ። ጥቁሩ መስመር በወጣበት ሁሉ ጀርባው ላይ ስስ እብጠት ታየ፤ ፎቶ ኮፒ ይህ የለውም። ሁለተኛ፣ ጀርባው ላይ እዚህም እዚያም የሚያብረቀርቅ የፍትጊያ ዱካ ነበር፤ በማንኪያ ጀርባ በእጅ ተፈግፍጎ የታተመ ለመሆኑ ምልክት ነው። ሶስተኛ፣ አስር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሲታይ የመስመሮቹ ጠርዝ ከመሃሉ ይጠቁራል፤ ጣውላው ሲጫን ቀለሙ ወደ ዳር ስለሚገፋ ነው። የማተሚያ ቤት ኦፍሴት ቢሆን ነጠብጣብ፣ ፎቶ ኮፒ ቢሆን የተቃጠለ ዱቄት ይታይ ነበር።

አራተኛው የተገኘው ዘግይቶ፣ ጣውላው ከተገኘ በኋላ ነው፤ ከሁሉም የሚያሳምነው ግን እሱ ነው። ዋንዛ ክፍት ቀዳዳ ያለው እንጨት ነው፤ በርዝመቱ ሲሰነጠቅ ቀዳዳዎቹ አጫጭር ጭረት ሆነው ይታያሉ። ቀለም አይገባባቸውም፤ ወረቀት ላይ በጥቁሩ መሃል እንደ ነጭ ብጥስጣሽ ክር ይቀራሉ። ሁለት ጣውላ አንድ ዓይነት ጭረት ሊኖረው ስለማይችል እንደ ጣት አሻራ ያገለግላል። ከጋሪው ጎማ በላይ ያሉት ሰባት ጭረቶች ወረቀቱም ጣውላውም ላይ አንድ ሆነው ተገኙ።

የወረቀቱ ጉዳት

ወረቀቱ ሶስት ችግር ነበረበት፤ አራተኛው በተገኘበት ቀን ተጨመረ።

የመጀመሪያው ቢጫነቱ ነው። ጋዜጣ አሲድ ያለበት ወረቀት ነው፤ ለዓመታት የነካውን ሁሉ ያቃጥላል። ሁለተኛው በጥቁሩ ዙሪያ ያለ ቡናማ ጥላ ሲሆን ቀለሙ ላይ ዘይት በዝቶ ወደ ወረቀቱ ስለፈሰሰ ነው። ሶስተኛው ማዕዘኖቹ ላይ የተለጠፈው ስኮች ነው። ሰዓሊዋ አንዱን በጥፍሯ ይዛ ሳበችው፤ አንድ ሳንቲሜትር የሚሆን የወረቀት ቆዳ አብሮ ተነሳ። አስርተ ዓመታት ያልቀደዱትን አንድ ደቂቃ ቀደደው።

ከዚያ በኋላ ስራው በዝግታ ሄደ። የቀሩት ሶስት ስኮቾች ሙጫቸው ደርቆ ስለነበር ስስ የቢላ ስለት ጠፍጣፋውን ከወረቀቱ ጋር አጣብቆ፣ ከስር በኩል ቀስ እያሉ በመግፋት ላስቲኩ ተላቀቀ። ቡናማው የሙጫ ዱካ እንዳለ ቀረ። ቤንዚን ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ቢቀባ ሙጫውን ወደ ውስጥ ያሰርገዋል፤ ጥቁሩንም ቀለም ያሟሟል። ቢጫውን ለማንጣት ከጎረቤት የተሰነዘረው ምክር በረኪና ነበር። በረኪና ወረቀቱን ለጥቂት ሳምንት ያነጣል፤ ክሩን ግን ስለሚበላ ወረቀቱ ቆይቶ እንደ ደረቀ ቅጠል ይሰባበራል። ዳቦ አሻሽቶ አቧራ ማንሳትም የቆየ ልማድ ነው፤ ፍርፋሪው ግን ብል ይጠራል። የተደረገው ነጭ ላጲስ በሞረድ ፈርፍሮ፣ ፍርፋሪውን ባዶው ህዳግ ላይ ብቻ በጣት ጫፍ እያሽከረከሩ አቧራውን ማንሳትና በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ነው። ቀለሙም የእርሳስ ፊርማውም አልተነኩም። ቡናማው ጥላ ላይ ምንም አልተሰራም፤ ለእሱ የተሟላ ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል።

ሳጥኑ ወደ ቁም ሳጥኑ አናት አልተመለሰም። የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው የድሬ ቤት ከላይ ያለው አየር ከመሬቱ በጣም ይሞቃል። ወረቀቱ ያለ ሳሙና በንጹህ ውሃ በታጠበ አቡጀዲ መሃል ተዘርግቶ አልጋ ስር ገባ፤ ምስጥ እንዳይደርስበት ሳጥኑ ከግድግዳ ራቅ ብሎ በጡብ ላይ ተቀመጠ።

ጣውላው

ስለ ህትመቱ ሲወራ እናቷ አንድ ነገር አስታወሱ፤ ጣውላው ጓዳ ውስጥ የውሃ ጋን ክዳን ሆኖ ይኖራል። የተቀረጸው ፊት ወደ ላይ፣ ባዶው ጀርባ ወደ ውሃው ነበር። ውፍረቱ 2 ሳንቲሜትር ከምናምን የሚሆን ዋንዛ ነው፤ ቀለም ደርቆበት ፊቱ እንደ ምጣድ ጠቁሯል።

ሰዓሊዋ «ይድረቅ» ብላ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጠችው። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ፊቱ በአሮጌ የዘይት ቀለም ስለታሸገ እርጥበቱን ቶሎ አይለቅም፤ ባዶው ጀርባ ግን በድሬ ፀሐይ በሰዓታት ውስጥ ደርቆ ተኮማተረ። ማታ ላይ ጣውላው ፊቱ እንደ ኮርቻ አብጦ፣ ጀርባው ጎድጉዶ ተገኘ። ጠርዙ ከጠረጴዛው 4 ሚሊሜትር ተነስቷል፤ በአንዱ ጫፍም 6 ሳንቲሜትር የሚሆን ስንጥቅ ተከፍቷል። እርጥብ እንጨት የሚደርቀው በጥላ ስር፣ በጠርዙ ቆሞ፣ ሁለቱም ፊት እኩል አየር እያገኘ ነው።

አናጺ ተጠራ። አናጺው አይቶ «አቦ፣ አንዴ በመላጊያ ላስተካክልልሽ፣ ምን ያስጨንቅሻል» አለ። (በድሬ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም።) ለበር ሳንቃ ቢሆን ትክክል ነበር። እዚህ ግን ህትመቱን የሚሰራው ከላይ ያለው የመጀመሪያው ሚሊሜትር ነው፤ መላጊያ አንዴ ቢያልፍ የፉርጎዎቹ መስኮቶች አብረው ይሄዳሉ። የብርጭቆ ወረቀትም በዝግታ ያንኑ ያደርጋል። ደግነቱ እጁ ከመነሳቱ በፊት ተያዘ።

የተደረገው ሌላ ነው። የጎደጎደው ጀርባ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ላይ ተደፋ፤ በላዩ ጠፍጣፋ ሳንቃ፣ በሳንቃው ላይ አራት ብሎኬት ተጫነ። ጨርቁ ጠዋትና ማታ ተቀየረ። በሶስተኛው ቀን እብጠቱ ወደ 1.5 ሚሊሜትር ወረደ፤ ከዚያ በላይ መግፋት ስንጥቁን ስለሚያሰፋ ቆመ። 1.5 ሚሊሜትር በእጅ ለሚያትም ሰው ችግር አይደለም፤ ማንኪያው ጉብታውን ተከትሎ ይሄዳል። በሲሊንደር መጫኛ ማሽን ውስጥ ቢገባ ግን ጣውላው ለሁለት ይሰነጠቅ ነበር።

ሌላው ነቀዝ ነው። ጠርዙ ላይ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሚሆኑ ክብ ቀዳዳዎች ነበሩ። ቀዳዳ ማየት ብቻውን ነፍሳቱ በህይወት አሉ አያሰኝም፤ ጣውላው በጥቁር ወረቀት ላይ ለሁለት ሳምንት ተቀመጠና ከስሩ አዲስ ዱቄት ተገኘ። ስለዚህ በሁለት ፌስታል አየሩ ተመጥጦ ታሸገና የጎረቤት ሱቅ ጥልቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሁለት ሳምንት ከረመ። ሲወጣ ፌስታሉ አንድ ሙሉ ቀን አልተከፈተም፤ ወዲያው ቢከፈት የውጭው ሞቃት አየር ጣውላው ላይ ጤዛ ይጥላል። ፀረ ተባይ አልተረጨም፤ ቅባቱ ኋላ ወደ ወረቀቱ ይሻገራል።

መስመሮቹ ውስጥ የደረቀው ቀለም የወጣው በመፋቂያ ነው፤ በጥርስ መፋቂያ። የወይራ መፋቂያ ጫፉ ሲሾል ለደረቀ ቀለም ይጠነክራል፣ ለዋንዛው ግን እንደ ብረት አይጨክንም። የሽቦ ብሩሽ የመስመሩን ትከሻ ይቆርሳል። ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ አሰልቺ ነው፣ አቋራጭም የለውም።

እንደገና ማተም

የመጀመሪያው ሙከራ ከሽፏል። የማተሚያ ቤት ጥቁር ኦፍሴት ቀለም ተገዛ፤ ጠንከር ስላለ የተልባ ዘይት ጠብ ተደረገበት፤ ስራው የተጀመረው ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። በዚያ ሙቀት ቀለም ራሱ ይላላል፤ ዘይት ሲጨመር እንደ ሽሮፕ ፈሰሰ። በፉርጎዎቹ መስኮቶች መካከል ያለው የ1 ሚሊሜትር ክፍተት ተደፈነና ባቡሩ አንድ ጥቁር ግድግዳ ሆኖ ወጣ። ሶስት ወረቀት ተጣለ፤ ጣውላውም እንደገና በመፋቂያ ተጸዳ።

ሁለተኛው ጊዜ ዘይት አልተጨመረም፤ ስራው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተጀመረ። ቀለሙ በመስታወት ላይ በቢላ ታሽቶ በሮለር በስሱ ተዘረጋ። ልኩ በጆሮ ይታወቃል፦ ሮለሩ ሲሄድ ስስ የ«ሽሽሽ» ድምጽ ከሰጠ ደህና ነው፤ የሚላቀቅ እርጥብ ጭቃ ዓይነት «ጭቅ ጭቅ» ካለ ቀለሙ በዝቷል። አንድ ጊዜ በወፍራሙ ከመቀባት ይልቅ አምስት ስድስት ጊዜ በስሱ፣ አቅጣጫ እየቀያየሩ ማለፍ ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ወረቀቶች ገርጥተው ወጡ። ይህ ይጠበቃል፤ ለዓመታት የደረቀ እንጨት የቀለሙን ዘይት ይጠጣል። ለእነዚህ ርካሽ ወረቀት ነው የሚበቃው። ስድስተኛው ላይ ጥቁሩ ሙሉ ሆነ።

ወረቀቱ ባለ 120 ግራም የስዕል ወረቀት ነው። ማታውኑ አንዱን ሉህ በውሃ እየረጩ፣ ቀጣዩን በደረቁ እየደራረቡ በፌስታል ተጠቅልሎ ክብደት ተጭኖበት አደረ፤ ጠዋት ሁሉም እኩል ለስልሶ ነበር። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ከፌስታሉ አንድ አንድ እየተባለ ብቻ ነው የሚወጣው። ወረቀቱ ተጣሞ እንዳያርፍ ከጣውላው ውጭ በኤል ቅርጽ የተቆረጠ ካርቶን ተለጠፈ፤ የወረቀቱ ማዕዘን እዚያ ላይ ይገጥማል። ከዚያ በላዩ ሌላ ስስ ወረቀት አድርጎ በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ከመሃል ወደ ዳር መፈግፈግ ነው፤ ለአንዱ ሉህ ወደ 20 ደቂቃ ወሰደ። በየመሃሉ አንዱን ጠርዝ በእጅ ይዞ ሌላውን ገለጥ አድርጎ ማየት ይቻላል፤ ሁለቱም ከተለቀቁ ግን ምስሉ ይደረባል።

የተገኘው አስር ጥሩ ቅጂ ነው። ለመድረቅ በገመድ ላይ ሳምንት ፈጀባቸው። ጣውላው በጥቂት የምግብ ዘይትና ጨርቅ ተጠረገ፤ በመጨረሻ አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛ) በነካ ጨርቅ ደረቀ። ተልባ ዘይት ወይም የዘይት ቀለም የነካ ጨርቅ ግን ተጨብጦ ጥግ መጣል የለበትም፤ ሲደርቅ ራሱ ይሞቃል፣ ያለ ክብሪትም ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ መንከር ነው።

«ቦ» ይስተካከል?

ብዙ ክርክር ያስነሳው ይህ ነው። በጥቂት ጭረት ረጅሙን እግር ማሳጠር ይቻላል፤ አጭሩን ለማስረዘም ግን እንጨት ተቆርጦ መሰካት አለበት። ሰዓሊዋ ስራው የራሷ ስለሆነ መብቱም አላት። ሳይነካ ቀረ፤ ለኛም ትክክለኛው ውሳኔ ይህ ይመስለናል። ጣውላው ከተነካ 4/12 የተነሳበት ጣውላ መሆኑ ያበቃል፤ ያ ሁሉ ማጽዳትና ማቃናትም ሌላ ጣውላ ለመስራት ይሆን ነበር። ስንጥቁና የነቀዙ ቀዳዳም በሙጫ አልተደፈኑም። አዲሶቹ ቅጂዎች ላይ ነጭ መስመርና ነጠብጣብ ሆነው ስለሚታዩ የዱሮውንና የአሁኑን ያለ ወረቀት ማስረጃ ይለያሉ።

ቁጥሩም ተለየ። የዱሮው 4/12 ተብሎ ስለተጻፈ አዲሶቹን 13፣ 14 እያሉ መቀጠል 12 ብቻ ናቸው ብሎ የገዛን ሰው ማታለል ነው። አዲሶቹ በግዕዝ ቁጥር ከ፩/፲ እስከ ፲/፲ ተጻፉ፤ አጠገቡ «ዳግም ህትመት» የሚል ቃልና የታተመበት ዓመት አለ። የከሸፉት ሶስቱና የገረጡት አምስቱ አልተፈረሙም።

መጋራቱ

የዱሮው ወረቀት ፎቶ የተነሳው በረንዳ ጥላ ስር፣ ስልኩ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ማስመሪያ አጠገቡ ተቀምጦ ነው። 12 ሜጋፒክስል ስልክ ለዚህ መጠን በኢንች ከ240 ነጥብ አይበልጥም፤ ለማየት ይበቃል፣ በሙሉ መጠኑ ጥርት አድርጎ ለማተም ግን ያንሳል። በቴሌግራም የተላከው በፋይል መልክ ነው፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ስለሚጨመቅ የዋንዛው ጭረቶች ይጠፋሉ።

የመጀመሪያው ምላሽ ከሐረር መጣ። አንድ የዱሮ የክፍል ጓደኛ «ቦቡር»ን አይቶ ወዲያው ለየው፤ 7/12 ጁገል ውስጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሲታይ ቀለሙ ከ4/12 የወፈረ፣ ቡናማ ጥላው ያነሰ ነው፤ ከጋዜጣ ርቆ መኖሩ ጠቅሞታል። ነገር ግን መስታወቱ ያለ ፓስፓርቱ (መስታወቱን ከወረቀቱ የሚያርቅ የካርቶን ክፈፍ) በቀጥታ ወረቀቱ ላይ ስላረፈ ሁለት ቦታ ጥቁሩ መስታወቱ ላይ ተጣብቋል። ፍሬሙ አልተከፈተም። መስታወቱ ቢነሳ ቀለሙ አብሮ ይሄዳል፤ እንዳለ መተው ይሻላል። ከውስጠኛው ቀዝቃዛ ግድግዳ እንዲርቅ ብቻ ከፍሬሙ ጀርባ አራት ቡሽ ተለጠፈ። ፎቶውም የተነሳው መብራት ጠፍቶ፣ መሃሉ ለስልኩ በተቀደደ ጥቁር ጨርቅ ጀርባ ተቁሞ ነው፤ መስታወቱ ጨርቁን እንጂ ክፍሉን አላንጸባረቀም።

ሁለተኛው ምላሽ ደስ የሚል አልነበረም። ምስሉን ያገኘ አንድ ቲሸርት አታሚ «ቦ»ን በኮምፒውተር «ባ» አድርጎ፣ ፊርማውን ቆርጦ ለገበያ አቀረበው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ስራ ሳይመዘገብም ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቃል፤ ጥበቃው በሰዓሊው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል፤ ስራው እንዳይዛባ የመቃወም መብትም ይሰጣል። 4/12፣ ጣውላውና 7/12 በአንድ ላይ ሲቀርቡ አታሚው ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ማተሙን አቆመ። የተጣጣሙት ሰባት ጭረቶች ከፊርማው በላይ ሰርተዋል።

ከአስሩ ዳግም ህትመት አንዱ ለሐረሩ ጓደኛ ተሰጠ። ጣውላው አሁን በአቡጀዲ ተጠቅልሎ፣ በጠርዙ ቆሞ፣ ከፀሐይ ርቆ ተቀምጧል፤ ጀርባው ላይ በእርሳስ ስንት ጊዜ እንደታተመ ተጽፏል። ጋኑ የአሉሚኒየም ትሪ ተከድኖበታል።